ምዕራፍ 7፦ በመብራት የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ከመግዛትዎ በፊት

ጠዋት ተጉመጥምጠው የሚተፉት ውኃ እየቀላ አስቸግሮዎት ይሆናል። ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «ምን ልላክልህ?» ብሎ ይሆናል። በሰፈራችን በሲቀላ በመብራት ስለሚሠራ ብሩሽ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ምክንያት ነው የሚመጣው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁና በቀጥታ ወደ ምርጫው እንግባ።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጉት ራስዎን ይጠይቁ። የጥርስዎን ቡኒ ቀለም ለማስለቀቅ ከሆነ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ያለፈ ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ፣ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይሠራል። ቡኒው ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ስላልሆነ በመፋቅ አይለቅም። አንድ የማውቀው የባጃጅ ሾፌር በከሰል ፈገፈገው፤ አልለቅ ሲለው ሞተር ያለውን ብሩሽ ገዝቶ በሙሉ ጉልበቱ ተጫነው። ቡኒው ዛሬም አለ። የተጨመረለት ነገር ቢኖር በክራንቻዎቹ ሥር፣ ድዱ ሸሽቶ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል። ቀለሙ የሚያሳፍረው ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂድ፤ በሐኪም እጅ የሚደረግ ማስተካከያ አለው።

ድድዎ ስለሚደማ፣ ወይም እጅዎ እንደ ድሮው ስለማይታዘዝ ከሆነ ግን ያንብቡ። ዕቃው ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ብሮክሶደንት በሚል ስም ሲወጣ በቅድሚያ የታሰበው እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉና ጥርሳቸው ላይ ሽቦ ላሰሩ ሰዎች ነበር። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናት ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. 56 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ከሦስት ወር በላይ የተጠቀሙበት ሰዎች በእጅ ከሚቦርሹት ይልቅ ጥርሳቸው ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ በ21 በመቶ፣ የድዳቸው መቆጣት ደግሞ በ11 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። ጥቅም አለው። ተአምር ግን አይደለም።

አሁን የማወራዎት በሰፈራችን ትውልድ ስላስተማሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከመታቸው በኋላ መፋቂያ መያዝ አቃታቸው፤ ባለቤታቸው ነበሩ የሚፍቁላቸው። አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን መቀመጥ አሳፍሯቸው አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይተዉት ነበር። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ጥሩ ብሩሽ ገዝታ በሰው ላከች። ማታውኑ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰኩት። ብዙም ሳይቆይ የላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ብሩሹም ጸጥ አለ።

ልጃቸው እንዳታዝን ዝም አሉ። ስትደውል «እየተጠቀምኩበት ነው፣ ተባረኪ» ይሏታል። ሦስት ወር ሙሉ! ልጠይቃቸው ስሄድ ካርቶኑ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብል መጀመሪያ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ቻርጀሩን ገልብጬ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ 120 ቮልት ይላል። የእኛ ቤት መብራት 220 ነው። መነጽራቸውን አውልቀው «አይ ልጄ፣ ተማሪዎቼን መመሪያውን ሳታነቡ አትጀምሩ ስል ኖሬ» አሉኝ። ያን ቀን ለልጃቸው ራሴ ደወልኩ።

ስለዚህ ዘመድዎ «ምን ልላክ?» ሲል ስለ ማርካው ሳይሆን ስለዚህ ቁጥር ይንገሩት። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ከሁሉ የምመርጠው ግን በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሞላውን ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ከፓወር ባንክም ይሞላል። ባትሪው ሊቲየም ይሁን፤ አንዴ ሞልቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሚያገለግል። አሮጌዎቹ ዓይነቶች ለመሙላት እስከ አንድ ቀን ይፈጃሉ፤ በእኛ መብራት ይህን ጥበቃ አልመክርም። መንገድ ዳር የሚሸጡት በሁለት ድንጋይ የሚሠሩት ርካሾች የብዙዎቹ ፀጉር ያለበት ራስ አይቀየርም፤ ፀጉሩ ሲበተን አብሮ የሚጣል ነው።

ክብ ራሱ እየዞረ የሚያጸዳውም ሆነ እንደ ተራ ብሩሽ ረዘም ብሎ የሚንቀጠቀጠው ያገለግላሉ፤ በዚህ አይጨነቁ። ሦስትና አምስት ዓይነት ፍጥነት ስላለው ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ሁለት ነገር ግን ይኑረው፦ በየ30 ሰከንዱ ቆም ብሎ «ወደ ሌላው ጥግ እለፍ» የሚልና በሁለት ደቂቃ የሚያበቃ ሰዓት፣ እና ሲጫኑት የሚያስጠነቅቅ መብራት።

መጫን የሚባለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ብሩሽን እንደ ዶማ ጨብጠን ነው የምንይዘው። ይህ ዕቃ መፈግፈጉን ራሱ ይሠራልና የእርስዎ ሥራ ጥርስ ከድድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ማስቀመጥና በዝግታ ወደሚቀጥለው ጥርስ ማለፍ ብቻ ነው። እኔ ለሁሉም የማስተምረው ዘዴ አንድ ነው፦ እንደ እስክሪብቶ በሦስት ጣት ይያዙት። በሦስት ጣት የያዘ ሰው ቢፈልግም በኃይል መጫን ይከብደዋል። ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ ያንን ቦታ ይሸሻል፤ እንዲያውም እዚያው ነው በለስላሳ እጅ መመለስ ያለበት። በሁለት ሳምንት ካላቆመ ሐኪም ይየው። አፍዎ ውስጥ ሳያስገቡ አያስነሡት፤ የጥርስ ሳሙናው ግድግዳ ላይ ይረጫል።

ቀን ቀን ደግሞ መፋቂያዎን አይተዉ። ይህን ስል የሚስቁብኝ ወጣቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበረታታውን የመፋቂያ እንጨት ልጆቻችን የገጠሬ ምልክት አድርገው ያፍሩበታል፤ በዚያው አፍ ለስላሳና ከረሜላ ሲያወርዱ ውለው ግን አያፍሩም። ሱቆቻችን ከደጃፋቸው እስከ ጣሪያቸው በጣፋጭ ተሞልተዋል፤ ለወላጅ ቀላሉ ማባበያ እሱ ሆኗል። ከዚያ ልጁ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድርና «ይነቀልለት» ይባላል። ሐኪም ቤትን የምናውቀው በመንቀል ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ እንጨት ይምረጡ፤ ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ ያለስልሱት፤ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። የነተበውን ጫፍ በየቀኑ ይቁረጡት። ጉድለቱን አልደብቅም፦ የመንጋጋዎቹን የውስጥ ጎን በቀላሉ አይደርስበትም፣ ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀውን ፍሎራይድም የሳሙናውን ያህል የለውም። ለዚህ ነው የማታውን መቦረሽ ለብሩሹና ለሳሙናው የምተወው። ማታ ተፍተው በውኃ አይጉመጥመጡ፤ ሳሙናው ጥርስዎ ላይ ይደር።

ውኃችን ፍሎራይድ ከበዛበት ሳሙናውስ ለምን? የሚል ጥያቄ አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥርስን የሚያበላሸው በልጅነት የሚዋጠው ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ እስከ 6 ዓመቱ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃል፤ እንዲተፋ እናት ወይም አባት አጠገቡ ይቁም።

ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መለዋወጫ ራስ ነው። የኦራል-ቢ ራስ ሶኒኬር ላይ አይገባም፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ራሱ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ ፀጉሩ ቀድሞ ከተበተነ ተጭነውታል ማለት ነው። ሲቀላ ወይም ሌላው የከተማችን ሰፈር ሼቻ ውስጥ ሱቆችን ዞረው ራሱን ካላገኙት፣ የዓመቱን 4 ራስ አብሮ ይላክልዎት። የመምህሩ ልጅ ሁለተኛውን ብሩሽ ስትልክ እንዲያ አደረገች። ጋሼ በግራ እጃቸው፣ በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት፣ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ቀን ጽፈውበታል፦ መስከረም 1፣ ታኅሣሥ 1፣ መጋቢት 1፣ ሰኔ 1።