ስለ አዕዋፍ ወገንና ስለ ተወሰነላቸው አገር

ልዑል እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ በልባቸው ከሚሳቡትና በእግራቸው ከሚሽከረከሩት ጋራ በክንፋቸው የሚበሩትን አዕዋፍ ከባሕር እንደ ፈጠረ ሊቃውንቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርት ያስረዱናል። ነገር ግን ሰማዩ ለሁሉ ክፍት ሲሆን፣ አዕዋፍ ሁሉ በምድር ሁሉ አይገኙም፤ ለየወገኑ የተወሰነ አገር አለው። ይህን በጥቂቱ እንመልከት።

ፊሊፕ ስክሌተር የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 የአዕዋፍን ወገን መርምሮ ምድርን በ6 ከፈለ፤ ከአትላስ ተራራ በስተ ደቡብ ያለውንም አፍሪካ «የኢትዮጵያ ክፍል» ብሎ ሰየመው። ስሙ በኋላ ዘመን ቢለወጥም፣ የአከፋፈሉ መሠረት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

መብረር ከማይችሉት ታላላቅ አዕዋፍ ሰጎን በአፍሪካ፣ ኢሙ በአውስትራልያ፣ ሪያ በደቡብ አሜሪካ ይኖራሉ። ፔንግዊን ከአንታርክቲካ በረዶ አንሥቶ እስከ ጋላፓጎስ ደሴቶች ሲገኝ፣ በሰሜን ዋልታ ግን የለም። በአየር ላይ ቆመው የአበባ ማር የሚቀስሙት ሃሚንግበርድ የተባሉት ጥቃቅን አዕዋፍ ከ300 የሚበልጥ ዓይነት ሲኖራቸው፣ ከአሜሪካ ምድር በቀር አይገኙም። ሁለት አገር የተሰጣቸውም አሉ። ነጭ ሽመላ በሙቀቱ ወራት በአውሮፓ ጫጩቶቿን አሳድጋ፣ ብርዱ ሲቃረብ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ ብዙዎቹም በቅድስት አገርና በሲና በኩል ያልፋሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ጊዜዋን ማወቋን አንሥቶ ሕዝቡን የገሠጸባት ወፍ ይህች ሽመላ ናት።

ወፍ ክንፍ ካላት፣ አገሯ ቢጠፋ ወደ ሌላ ለምን አትሄድም ቢሉ፣ መብሏም ማረፊያዋም ከአገሯ ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ከቁራ ወገን የሆነች ግራጫ ወፍ አለች። መኖሪያዋ ከዙሪያው ቆላ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ክንፍ ሳላት ከዚያ ጠባብ ስፍራ ወጥታ በሌላ ዓለም አትገኝም። ያ ስፍራ ቢበላሽ መሸሸጊያ የላትም።

ይህ በሞሪሽየስ ደሴት ተፈጽሟል። ዶዶ የተባለችው መብረር የማትችል ወፍ በዚያች ደሴት ብቻ ትኖር ነበር። በ1598 የሆላንድ መርከበኞች ደረሱባት፤ ሰዎች ገደሏት፣ በመርከብ የመጡት ዐሣማና አይጥም እንቁላሏን በሉ። መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከምድር ጠፋች። ሰው ልጆቹን እየወለደ ይተካል፤ የጠፋን ወገን ግን የሚተካ ሰው የለም።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ አዳም በፍጥረት ላይ የተሾመው ሊጠብቅ እንጂ ሊያጠፋ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ የጥንቱ ደን ተመንጥሮ፣ የቀረው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ያለው ብቻ ነው። በዚያ የሚያድሩ አዕዋፍ ሌላ ርስት የላቸውም። ስለዚህ ከአጸዱ አንድ ዛፍ እንዲቈረጥ ስንፈቅድ፣ የራሳችንን ብቻ ሳይሆን ፈጣሪ ለሌላው የሰጠውን አገር እንደምንቈርጥ እናስተውል። አደራውን ለመጠበቅ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።