ሠራተኛው ባለቤት ሲሆን

ብዙዎቻችሁ ሥራ ልትጀምሩ ወይም የራሳችሁን ልትከፍቱ ነውና አንድ ጥያቄ ላንሣ፦ የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከግል ድርጅት ይሻላል?

ምሳሌው ቅርባችን አለ። በርክሌይ ያለው ቺዝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1967 የግል ሱቅ ሆኖ ተከፈተ፤ በ1971 ባለቤቶቹ ለሠራተኞቻቸው ሸጡት። አባላቱ እኩል የሰዓት ክፍያ ያገኛሉ። በ1997 ኦክላንድ የተከፈተው አሪዝሜንዲ ዳቦ ቤትም አሠራሩን የተማረው ከዚሁ ነው።

ድክመቱ ካፒታል ነው። ባለቤትነቱ ለውጭ ባለሀብት ስለማይሸጥ፣ እኔ በምህንድስና በምሠራባት በሳን ሆዜ እንዳሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ቶሎ አያድግም። ከኪሳራም ነፃ አይደለም፤ ከስፔኑ ሞንድራጎን ማኅበራት አንዱ የሆነው የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር በ2013 ከስሯል። ሆኖም ብዙ ሠራተኞቹን እህት ማኅበራቱ ተቀብለዋቸዋል።

ስለዚህ በዕድገት ፍጥነት የግሉ ይቀድማል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን የግሉ ብዙውን ጊዜ ሰው ያሰናብታል፤ ማኅበሩ ክፍያና ሰዓት ቀንሶ ሰዉን ለማቆየት ይሞክራል።

ወላጆቻችን እቁብ እየጣሉ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ መነሻ ገንዘብ ማሰባሰብ እናውቅበታለን። ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትጀምሩ ግን አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ትርፉ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም።