ጎባጣ ቀፎ ከባለ ማዕዘን ጡብ፦ የቫሳ የሸራ መርከብ ሞዴል ንድፍ እንደ ጥናት ማሳያ

የመጫወቻ ጡብ ቀጥ ላለ ነገር የተፈጠረ ነው። ግድግዳ፣ ግንብ፣ ደረጃና መስኮት ያለ ብዙ ጭንቀት ይሠሩበታል። የሸራ መርከብ ግን ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ቀጥተኛ መስመር የማይገኝበት አካል ነው። ሆዱ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ጎኑ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ወለሉ በሁለቱም ጫፍ ቀና ብሎ መሃል ላይ ይረግባል። በመሆኑም በፋብሪካ የተዘጋጀ መመሪያ ሳይከተል በራሱ ንድፍ የሸራ መርከብ ለመሥራት የተነሣ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ የትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የጂኦሜትሪና የመዋቅር ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ መርከብ ላይ ይመረምራል፤ እርሱም በስቶክሆልም በራሱ ሙዚየም የሚገኘው የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳ ነው።

ቫሳ የተመረጠው በዝናው ብቻ አይደለም። ከ1626 እስከ 1628 በሆላንዳዊው መርከብ ሠሪ በሄንሪክ ሂበርትሶን፣ እርሱ ከሞተ በኋላም በረዳቱ መሪነት ተሠርቶ፣ ነሐሴ 1628 የመጀመሪያ ጉዞውን በጀመረበት ቀን 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ ሰጠመ። በ1961 ከባሕር ሲወጣ አብዛኛው አካሉ አልተበተነም ነበር። ለሥራው የተዘጋጀ ንድፍ በወረቀት አልተገኘም፤ ነገር ግን መርከቡ ራሱ ስላለ ልኩ ከእርሱ ይወሰዳል። ለሞዴል ነዳፊ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ስሕተቱን የሚያጋልጥ እውነተኛ አካል ከፊቱ አለና።

በአማርኛ ስለ መርከብ ክፍሎች ሲጻፍ ቃላት ማጠር የተለመደ ነው። እዚህ የመርከቡ ዋና አካል ቀፎ፣ ሸራ ተሸካሚው ምሰሶ ደቀል፣ ከሥር በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋው ግንድ ኪል ተብሏል። በጡቡ አናት ላይ ያሉት ክብ መጋጠሚያዎች ደግሞ ጉጦች ይባላሉ።

የጡቡ ልክ

ጎትፍሬድ ኪርክ ክርስቲያንሰን ጥር 28 ቀን 1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዴንማርክ የባለቤትነት መብት ያመለከተበት የሌጎ ጡብ ሁሉንም ነገር በጥቂት ቁጥሮች ይገዛል። ከአንድ ጉጥ መሃል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ሙሉ ጡብ ቁመት 9.6፣ የስስ ጡብ ቁመት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ስስ ጡቦች አንድ ጡብ ይሆናሉ። ለመርከብ ሠሪ ከሁሉ የሚበልጠው ዝምድና ግን ሌላ ነው፤ አምስት ስስ ጡቦች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በትክክል የሁለት ጉጥ ስፋት ይሆናሉ። ይህ 5 ለ 2 ምጣኔ ባይኖር ኖሮ ጡብን በጎኑ አስተኝቶ ከቆመው ጋር ማጋጠም አይቻልም ነበር። በክፍት ሥርዓትነቱ የሚታወቀው የኤልድሮው የኮምፒዩተር ንድፍ ቋንቋ አሃዱን 0.4 ሚሊ ሜትር ያደረገውም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው፤ በእርሱ አቆጣጠር ጉጥ 20፣ ስስ ጡብ 8፣ ጡብ 24 አሃድ ሆኖ ሁሉም ያለ ክፍልፋይ ይወጣል።

ኩባንያው ራሱ የሸራ መርከቦችን ከቀድሞ ጀምሮ ሸጧል። በ1978 ኮንስተሌሽን የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ሞዴል ወጣች፤ በ1989 ደግሞ የባሕር ወንበዴዎች መርከቦች መጡ። እነዚህ ኋለኞቹ ቀፏቸው በአንድ ቅርጽ ማውጫ የተሠሩ ትልልቅ ቁርጥራጮች ነበሩት፤ የፊት፣ የመሃልና የኋላ። ለልጅ መጫወቻ ብልኅ መፍትሔ ነው። ለነዳፊ ግን ወጥመድ አለው፤ የመሃሉን ቁራጭ ደጋግሞ በመጨመር መርከቡን ማስረዘም ይቻላል እንጂ ማስፋት አይቻልም። የቫሳ ቀፎ 47.5 ሜትር ርዝመትና 11.7 ሜትር ስፋት ስላለው ርዝመቱ ከስፋቱ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በተዘጋጀ ቁራጭ የሚረዝም መርከብ ግን ሲረዝም እየቀጠነ ሄዶ ከመርከብ ይልቅ ጀልባ ይመስላል። ስለዚህ ቀፎውን ከተራ ቁርጥራጮች መገንባት ግድ ይሆናል።

የመጠን ምጣኔ ምርጫ

ብዙ ሠሪዎች ምጣኔያቸውን ከመጫወቻው ሰው ይጀምራሉ። ባርኔጣ ያልደፋው ሰው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚቆም፣ 1.70 ሜትር ቁመት ላለው ሰው ምጣኔው 1፡42 አካባቢ ይሆናል። ችግሩ መጫወቻው ሰው በቁመቱ ልክ አለመወፈሩ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ወገቡ በዚህ ምጣኔ ወደ 67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመርከብ ወለል ላይ በመድፎች መካከል ማለፍ የሚችል መርከበኛ እንዲህ አይሰፋም። ከዚህም በላይ በ1፡40 የቫሳ ቀፎ ብቻውን 119 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከ1፡60 ወደ 1፡40 ሲታደግ ርዝመት 1.5 ጊዜ፣ የውጭ ቆዳ 2.25 ጊዜ፣ ይዘት 3.4 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ዋጋውም ክብደቱም ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር እንጂ ከመጀመሪያው ጋር አይሄድም።

በ1፡60 ቀፎው 79 ሴንቲ ሜትር ወይም 99 ጉጥ፣ ስፋቱ 19.5 ሴንቲ ሜትር ወይም 24.4 ጉጥ፣ ከኪል እስከ ደቀል ጫፍ ያለው 52.5 ሜትር ደግሞ 87.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ምጣኔ ሰው ሦስት ጡብ ያህል ስለሚቆም መጫወቻው ሰው ከመርከቡ ይወጣል። መውጣቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም መርከቡን ለሰውየው ሲባል ከማዛባት ይሻላል።

አሁን 24.4 ጉጥን ወደ ሙሉ ቁጥር ማምጣት ይቀራል። የፊቱ ግንድና ደቀሎቹ በመሃል መስመር ላይ መቆም ስላለባቸው ጎዶሎ ቁጥር፣ 25፣ ይመቻል። ያ ግን በእውነተኛው ልክ 12 ሜትር ማለት ነው። 24 ቢመረጥ 11.52 ሜትር ይሆናል፤ ስሕተቱም ከ2.6 ወደ 1.5 ከመቶ ይወርዳል። ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ምቾት ባሸነፈ ነበር። ነገር ግን ቫሳ የሰጠመው የስበት ማዕከሉ ከቀፎው አቅም በላይ ከፍ በማለቱ ነው። ከመነሣቱ በፊት 30 ሰዎች በወለሉ ላይ ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ፣ መርከቡ ክፉኛ በመወዛወዙ ፈተናው በሦስተኛው ዙር ተቋርጧል። እንዲህ ያለውን መርከብ ለግንባታ ምቾት ሲባል ማስፋት የታሪኩን ዋና ምክንያት ከሞዴሉ ላይ መሠረዝ ነው። 24 ጉጥ ይዞ፣ በመሃሉ አንድ ጉጥ ብቻ ባለው ሁለት በሁለት ስስ ቁራጭ ደቀሎቹን በግማሽ ጉጥ፣ ማለትም በ4 ሚሊ ሜትር፣ ወደ መሃል መስመር መመለስ ይቻላል።

ቀፎውን ማጉበጥ

ቀላሉ ዘዴ ስስ ጡቦችን እንደ ካርታ የከፍታ መስመሮች አስተኝቶ መደርደር ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የቀፎውን አግዳሚ ቁራጭ ይወክላል። የዚህ ዘዴ ጉድለት በአብዛኛው በዓይን ብቻ ይነገራል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ምክንያቱ ይገለጣል። ተኝተው የተደረደሩ ስስ ጡቦች ወደ ላይ የሚዘሉት 3.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ ጎን የሚዘሉት ግን 8 ነው። ወደ አግድም የቀረበ ገጽ፣ ለምሳሌ ከውኃ በታች ያለው የመርከቡ ሆድ፣ በ3.2 ደረጃዎች ስለሚሠራ ለስላሳ ይመስላል። ወደ ቁም የቀረበው ጎን ግን እያንዳንዱን ዝላይ በ8 ሚሊ ሜትር ይከፍላል፤ ይህም በ1፡60 ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ደረጃ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ቀፎውን በሁለት ሥርዓት መክፈል ይሆናል፤ ሆዱ በተኙ ጡቦች፣ ጎኑ ደግሞ ጉጣቸው ወደ ውጭ በሚመለከት በጎን በቆሙ ስስ ጡቦች። በጎን የቆመው ጡብ የጎን ዝላዩን ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ በእውነተኛው ልክ ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል።

ሁለቱ ሥርዓቶች በሚገናኙበት ስፌት ላይ 5 ለ 2 ምጣኔው ሥራውን ይጀምራል። የጎኑ ውፍረት አምስት ስስ ጡብ ከሆነ ከሆዱ ሁለት ጉጥ ጋር ያለ ክፍተት ይገጥማል። በክርን መልክ የታጠፉት ማያያዣዎች ቁመተኛ ገጻቸው የስስ ጡብ ግማሽ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ስለሆነ ቀሪውን ልዩነት ይሞላሉ። ይህ ስሌት ሳይደረግ የተጀመረ ቀፎ መሃል ላይ በቀጭን ክፍተት ይቀጣል፤ ያም ክፍተት ከሩቅ የሚታይ ነው።

የፊት ጫፉ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ጎኑ በማጠፊያ ታጥፎ ወደ መሃል መስመር መግባት አለበት፤ የታጠፈው ጠርዝ ተመልሶ በጉጥ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ሦስቱ ጎኖች የፓይታጎረስን ሙሉ ቁጥሮች ሲከተሉ ብቻ ነው፤ ልኩም ከማጠፊያ መሃል እስከ ማጠፊያ መሃል ይቆጠራል። ግማሽ ስፋቱ 12 ጉጥ ስለሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው 7፣ 24፣ 25ን ከ5፣ 12፣ 13 ጋር ማቀጣጠል ነው፤ 7 እና 5 ተደምረው 12 ይሞላሉ፤ ማዕዘኑም ከ16 ወደ 23 ዲግሪ ገደማ እያደገ ይሄዳል። ውብ መስመር ነው፤ ሆኖም 36 ጉጥ ርዝመት ይፈጃል፤ ይህ ከቀፎው ከሦስት እጅ አንዱን ይበልጣል። ሁለተኛው 8፣ 15፣ 17ን ከ4፣ 3፣ 5 ጋር ያጣምራል፤ 8 እና 4 እንደገና 12፣ ርዝመቱ ግን 18 ጉጥ ብቻ፣ ማዕዘኑም ከ28 ወደ 53 ዲግሪ። እንደ ዘመኑ የሆላንድ አሠራር ሞላ ያለ ደረት ላለው ቫሳ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለመጡ ፈጣን የንግድ መርከቦች ይቆይ።

አንዳንድ ሠሪዎች በማጠፊያ ፈንታ ረጅም ስስ ጡቦችን በኃይል አጉብጠው ያሥራሉ። ውጤቱ ለጊዜው ያማረ ነው። ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ግን በማያቋርጥ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል፤ ቦታ ቦታውም ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። የኩባንያው ነዳፊዎች ቁራጭን የሚያስጨንቅ አገጣጠም ሕገ ወጥ ይሉታል፤ ለዓመታት በመደርደሪያ ላይ ለሚቆም ሞዴል አባባሉ ከቀልድ በላይ ነው። የኮምፒዩተር ንድፍም ይህን ጫና አያሳይም፤ በማያው ላይ ሁሉም ቁራጭ ክብደት የለውም፤ ሁሉም ቀለም በገበያ ያለ ይመስላል።

የወለሉን መርገብ በተመለከተ ውስጡን ቀጥ አድርጎ መተው ይበጃል። ተመልካች የመርከብን ጎባጣነት የሚያነበው በጎኑ ላይ እንደ ቀበቶ ከሚዘረጉት ወፍራም የውጭ እንጨቶችና ከመድፍ መስኮቶች ሰልፍ ነው። እነዚህ በአንድ ስስ ጡብ ደረጃ ወደ ሁለቱ ጫፎች ቀና ካሉ፣ ውስጣዊው አፅም ቀጥ ብሎ ጥንካሬውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። በቫሳ ውስጥ አራት የሠራተኞች መለኪያ እንጨቶች ተገኝተዋል። ሁለቱ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተከፈሉ ናቸው። የመርከቡ ሁለት ጎኖችም ፍጹም አይመሳሰሉም። ነዳፊው በኮምፒዩተር አንዱን ጎን ሠርቶ ሌላውን በመስተዋት ግልባጭ ሲያባዛ፣ ለመርከቡ ከሠሪዎቹ እጅ ያልወጣ ሥርዓት እየሰጠው ነው። በ1፡60 ልዩነቱን በጡብ ማሳየት አዳጋች ስለሆነ ግልባጩ ይፈቀዳል፤ በሞዴሉ መግለጫ ላይ ግን ሊጻፍ ይገባዋል።

መቆሚያው፣ ደቀሉና ሸራው

79 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጡብ ቀፎ በሁለት ጫፎቹ ላይ ቢቀመጥ መሃሉ ይረግባል፤ በመሃሉ ብቻ ቢቀመጥ ጫፎቹ ይወድቃሉ። ክብደቱ እኩል ለተሠራጨ አግዳሚ፣ ትልቁ የመታጠፍ ጫና የሚያንሰው መቆሚያዎቹ ከየጫፉ 20.7 ከመቶ ገባ ሲሉ ነው፤ እዚህ 16.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ደቀሎቹ ክብደቱን ስለሚያዛቡት ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ደቀል ከተደራረቡ ክብ ጡቦች ብቻ ከተሠራ በመጀመሪያው የገመድ ጉተታ ይገነጠላል። በመሃላቸው የመስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ ማለፍ አለበት። ረጅሙ ዘንግ 32 ጉጥ፣ ማለትም 25.6 ሴንቲ ሜትር፣ ስለሆነ ዋናው ደቀል በአንድ ዘንግ አይደርስም። መልሱ በእውነተኛው መርከብ ላይ አለ፤ ደቀሉ ከአንድ ዛፍ አልተሠራም፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጎን ተደርቦ ይታሠር ነበር። ሞዴሉም በየመገናኛው ጥቂት ጉጦችን በመደረብ ይጠነክራል። ገመዶቹ በግራና በቀኝ ተራ በተራ፣ በእኩል ጉተታ ሊወጠሩ ይገባል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ደቀሉን ያጣምማል።

ሸራን ከጡብ መሥራት ከላይ ክብደት ስለሚጨምር ቀጭን ጨርቅ ይመረጣል። ቫሳ አሥር ሸራዎች ነበሩት። በሰጠመበት ቀን የተዘረጉት ግን አራት ብቻ ነበሩ፤ ስድስቱ በዕቃ ቤቱ ታጥፈው ተቀምጠው ከመርከቡ ጋር ተገኝተዋል። አሥሩንም ዘርግቶ የሚታይ ሞዴል በባሕር ላይ ማንም ያላየውን መርከብ ያሳያል። ያን ቀን ለማሳየት የሚፈልግ ነዳፊ የፊቱን ደቀል ሁለት ሸራዎች፣ የዋናውን ደቀል የላይኛውን ሸራና የኋላውን ሸራ ብቻ ይሰቅላል፤ ለሰላምታ ተኩስ ተከፍተው የነበሩትን የመድፍ መስኮቶች ክዳኖችም በማጠፊያ ከፍቶ ይተዋቸዋል፤ ውኃው የገባው በታችኛው ሰልፍ በኩል ነበርና።