ልጄ ለልምምድ ወጥታ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች

ጥያቄ፦ ልጄ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሃርድዌርና ኔትወርክ ትማራለች። ለትብብር ሥልጠና አንድ መሥሪያ ቤት ከተመደበች ወር ሆናት፤ እስካሁን ግን ሥራዋ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ብቻ ነው። በዚህ እንዴት ሥራ ታገኛለች?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። የሙያ ሥልጠና 70 በመቶው ተግባር እንዲሆን የታሰበ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ኮሌጁና ድርጅቱ ከተፈራረሙ በኋላ የሥልጠና ዕቅዱ ልጅቷን ለተረከበው ባለሙያ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ምን እንደሚያሠራት ስለማያውቅ ያገኘውን ያዛታል።

ልጅዎ የሥልጠናውን ዝርዝር ከኮሌጅ አሠልጣኟ ተቀብላ ለባለሙያው ትስጠው። አንድ ሥራም ለይታ ትጠይቅ፤ «የኔትወርክ ገመድ እኔ ልሥራ» ብትል ይበቃል። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድራ፣ ጫፋቸውን እኩል ቆርጣ፣ በክሪምፐር ጨምቃ ስታበቃ በቴስተር ስትፈትሸው መብራቶቹ በተራ ሲበሩ ባለሙያው በዓይኑ ያያል። እኔ እንዳየሁት ቀጣሪ ሰውን ማመን የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ሥራ ነው። የሠራችውን በየቀኑ መዝግባ ታስፈርም፤ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ስትዘጋጅም ይረዳታል።

በሁለት ሳምንት ለውጥ ካልታየ የኮሌጁን የኢንዱስትሪ ትስስር ክፍል ያነጋግሩ። ሌላ ቦታ እንዲመድቧት መጠየቅም ነውር የለውም።