ያበጠ ልስን፦ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲላቀቅ እንዴት ይጠገናል?

ክረምት ባለፈ ቁጥር በአዲስ አበባ፣ በሜክሲኮና በቂርቆስ አሮጌ ሰፈሮች፣ ብዙ ግድግዳ አንድ ዓይነት ሕመም ያወጣል። ደህና የሚመስለው የሲሚንቶ ልስን ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ያብጣል፣ ሲነኩት ይነቃነቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ከነቀለሙ ይወርዳል። ቤቶቹ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ በጭድ ጭቃ የተመረጉ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ አብዛኛው የአዲስ አበባ መኖሪያ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነበር፤ ስለዚህ ችግሩ የአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም። ለቸኮለ ግንበኛ ብትሰጡት በዕለቱ ሲሚንቶ ለጥፎበት ይሄዳል፤ ለከርሞም ያው ይወድቃል። ራሳችሁ ብትሠሩት ጉልበት ብዙ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞሩት መካከል ማለት ነው፣ አንድ መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የእድሳት ፈቃድ ጠይቁ። የካዛንቺስ ብዙ ክፍል በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ተነሥቷል። ስለዚህ ወረዳ በሄዳችሁበት አጋጣሚ የእናንተ ሰፈር ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ብትጠይቁ ለሲሚንቶ የምታወጡት ገንዘብ ሜዳ ላይ አይቀርም።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ልስን ያለ ምክንያት አይላቀቅም። የተቀደደ አሸንዳ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ወርዶ መሬት ላይ የሚረጭ ጠብታ፣ ወደ መሠረቱ የሚያዘነብል ደጃፍ፣ አልፎ አልፎም ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ቤት ከቤት በተጠጋበት መንደር ደግሞ የጎረቤት ቆርቆሮ በቀጥታ እናንተ ግድግዳ ላይ ያፈሳል። ያኔ ነገሩን በጠብ አትጀምሩት። «እማማ፣ አሸንዳዋን እኔ ልግዛ፣ በእርስዎ በኩል ትለፍልኝ» ያለ ሰው እምቢ ሲባል አላየሁም። ውሃው ሳይቆም ግድግዳ መንካት ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ሂዱ። የያዘው ልስን ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ያስተጋባውን ሁሉ በጠመኔ ክበቡና ከክቡ አንድ ስንዝር አልፋችሁ ፈልፍሉ። ጠርዙን አታሳሱት፤ ቀጥ ያለ ይሁን። ከሥር ያለው ጭቃ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ እሱንም አራግፉ።

አሁን እንጨቱ ይታያችኋል። ቋሚውን መሬት አጠገብ በካቻቢቴ ውጉት። ጫፉ ላይ ብቻ ከቆመ ደህና ነው። ሰተት ብሎ ከገባ ወይም የምስጥ አፈር ካረገፈ ግን ሥራውን እዚያው አቁሙና አናጢ ጥሩ፤ ጣሪያው የተሸከመበትን ቋሚ ደግፎ መቀየር የብቻ ሥራ አይደለም።

ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡኩ። ተሸፍኖ ሳምንት ያህል ይሰንብት፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡት። ጭዱ ለስልሶ መሽተት ሲጀምር ደርሷል። ቀዳዳውን በውሃ ረጭታችሁ፣ ጭቃውን በኃይል እየወረወራችሁ ሙሉት፤ ከአሮጌው ልስን ፊት ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይቅር።

ከዚህ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጭቃው በሦስተኛው ቀን ከላይ ነጣ ብሎ ደረቅ ይመስላል። አልደረቀም። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከጠነከረ አብሮት አይኮማተርም። እርጥብ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ከለሰናችሁ ጭቃው ከኋላው ሸሽቶ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር የተንጠለጠለ ልስን ታገኛላችሁ። የታሰረው እርጥበትም መውጫ ሲያጣ ወደ ቋሚው ይዞራል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ወጪው እጥፍ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ጠብቁ። በበጋ ፀሐይ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ጥላ ውስጥ ያለ ግድግዳ ከዚያም በላይ። ዓይናችሁን አትመኑ። ማታ አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ጭቃው ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር እሸጉት። ጠዋት ከላስቲኩ በስተጀርባ ጤዛ ካያችሁ ሳምንት ጨምሩ። እንግዳ ይመጣል፣ ሠርግ ደርሷል፣ ዓመት በዓል ነው ተብሎ ይህ ቀን አይቆረጥም፤ ላስቲኩ ደረቅ እስኪሆን ድረስ የሲሚንቶ ከረጢቱን አትክፈቱት። ጭቃው ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደንግጣችሁ፤ ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ሙሉትና እንደገና ይድረቅ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሲሚንቶ ደረቅ ጭቃንም ቢሆን በራሱ አለመያዙ ነው። መሐል ላይ የሚይዘው የዶሮ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ምናለሽ ተራ ገበያ ያገለገለ ስለሚገኝ አዲስ ጥቅልል አትግዙ። ሽቦውን ከአሮጌው ልስን ጠርዝ በታች ሰክታችሁ፣ ሚስማሩን ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚና ማገሩን እየፈለጋችሁ ምቱ። የእኔ ዘዴ ቆርኪ ነው፦ የለስላሳ ቆርኪ መሐሉን በስታችሁ በሚስማሩ አንገት ብታስገቡ የሽቦው ቀዳዳ አያመልጥም። ጥርሱ ወደ ግድግዳው ይዙር፤ ያኔ ሽቦውን ከጭቃው በትንሹ ያነሣዋል፣ ሲሚንቶውም ከኋላው ገብቶ ይጨብጠዋል።

ቀሪው ቀላል ነው። ግድግዳውን አርጥቡ እንጂ አታጥቡት። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ቀጠን አድርጋችሁ ርጩ፤ በማግሥቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ከአሮጌው ፊት እኩል ለስኑ። ኖራውን አትተዉት፤ ልስኑን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፉ።

እኔ ብሆን ከግቢ ውስጥ በኩል፣ ዝናብ በማይመታው ገጽ፣ ሲሚንቶውን ጭራሽ ትቼ በእበት በተለወሰ ጭቃ እጨርሰዋለሁ። ይተነፍሳል፣ ሲጎዳም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠገናል። ለመንገዱ ፊት ግን ሲሚንቶ ይሻላል።

የዘይት ቀለም አትቀቡት፤ እርጥበቱን መልሶ ያፍነዋል፣ ኖራ ይበቃል። ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጀምሩ። ግድግዳችሁ በሰኔ ከወረደ አሮጌ ቆርቆሮ ደግፉበት፣ አሸንዳውን አስተካክሉ፣ ክረምቱንም እንዲሁ አሳልፉት።