ከብቅል እስከ በርሜል

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሊባኖስ፣ ባዕብዳ፣ ፉርን ኤል ሸባክ። እትዬ ለብዙ ዓመታት በሰው ቤት ሠርተው አሁን የራሳቸውን ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጠያቂዋ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

ልጅ፦ እትዬ፣ ማዳም ለእንግዳ ያስቀመጠችው ውስኪ አለ። 25 ዓመት ይላል። አቧራውን እንኳን ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ቢኖርበት ነው?

እትዬ፦ የገብስ ብቅል ነዋ! እናትሽ ለጠላ ገብስ ነክራ፣ አብቅላ፣ አድርቃ ስታስፈጭ አላየሽም? ሲንግል ሞልት የሚሉት በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣውን ነው። በመዳብ ድስት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ያወጡታል፤ እኛ ዳግም አረቄ እንደምንለው። ከዚያ በኦክ በርሜል ይተኛል። ስኮትላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ውስኪ ተብሎ አይሸጥም።

ልጅ፦ ታዲያ ማዳም አሥር ዓመት ብታስቀምጠው 35 ሊሆን ነው?

እትዬ፦ አይሆንም። ጠርሙስ ከገባ ዕድሜው ቆመ። የተጻፈውም የታናሹ ዕድሜ ነው፤ ብዙ በርሜል ቢቀላቀል እንኳ ከ25 ያነሰ የለበትም ማለት ነው።

ልጅ፦ ውድነቱስ?

እትዬ፦ በርሜሉ ይተነፍሳል። እዚያ ብርድ አገር በዓመት 2 በመቶ ያህል ይተናል ይላሉ፤ ይሄንን «የመላእክት ድርሻ» ብለውታል። አስቢው፣ በ40 ዓመት ከ100 ሊትር 45 ያህል ቢተርፍ ነው። እንደ ቤይሩት ያለ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። በ1940 የወጣ አንድ የግሌንሊቬት ውስኪ 80 ዓመት ተኝቶ በ2021 ለገበያ ሲቀርብ 250 ጠርሙስ ብቻ ነበር። የአልኮሉ መጠን ከ40 በመቶ ከወረደም ስኮች ውስኪ መባሉ ይቀራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በርሜል ይጠብቁታል።

ልጅ፦ እንግዲህ ባረጀ ቁጥር ይጥማል።

እትዬ፦ እሱን ሻጮች ይበሉት። አንዳንዱ እንጨቱ ውጦት መራራ ይሆናል። ቀለሙም አያታልልሽ፤ ካራሜል መጨመር በሕግ ተፈቅዷል። ነይ፣ ድሮ የሠራሁበት ቤት ሚስተር አገር ለቀው ሲሄዱ የሰጡኝ 18 ዓመት የሞላው አለ። ያንን አፉ ጠበብ ያለውን የወይን ብርጭቆ አምጪ።

ልጅ፦ በረዶስ?

እትዬ፦ በረዶ ሽታውን ያፍነዋል። እዚህ አረቅ ሲቀዱ አይተሽ ነው። አረቅ ሌላ ነው፤ ከወይን ወጥቶ አኒስ የገባበት። አንድ እጅ አረቅ፣ ሁለት እጅ ውሃ፣ በረዶ በመጨረሻ፤ ውሃ ሲነካው ይነጣል። ይሄኛው በባዶው ይጀመራል። ብርጭቆውን ከአፍንጫሽ ራቅ አድርገሽ ያዢ፣ አፍሽን ገርበብ አድርጊ። በኃይል አትሳቢ!

ልጅ፦ ኡፍ፣ ያቃጥላል። ቆይ... ዘቢብ? ከኋላው ደግሞ ጭስ አለ።

እትዬ፦ ጎሽ! ዘቢቡ ከበርሜሉ ነው፤ ቀድሞ የስፔን ሼሪ ወይን ነበረበት። የአሜሪካ ቦርቦን የነበረበት ቢሆን ቫኒላ ቫኒላ ይልሽ ነበር። ጭሱ ከብቅሉ ነው፤ ከረግረግ ቆፍረው ያወጡትን አተላ የመሰለ አፈር አንድደው ያደርቁታል። ጋን በወይራ ሲታጠን ያደግሽ ልጅ ጭስ ማን ያስተምርሻል? አሁን ጥቂት ጉንጭሽ ውስጥ ያዢ፣ ምላስሽ ላይ አዙሪው፣ ከዚያ ዋጪ። ከዋጥሽ በኋላ የሚቆየውን ጠብቂ።

ልጅ፦ አልጠፋም... አሁን ደግሞ ቅርንፉድ መሰለኝ።

እትዬ፦ ሦስት ጠብታ ውሃ ጨምሪበትና እንደገና አሽቺው።

ልጅ፦ ለሰለሰ። ብርቱካን ልጣጭም አለው! ይሄ ቅድም አልነበረም።

እትዬ፦ ነበረ፤ አልኮሉ ሸፍኖት ነው። ችኮላ ይሄንን ነው የሚያሳጣሽ፤ እዚህ ባለ ገንዘቦቹ እንኳ እየጨለጡ ስንቱን አልፈውታል።

ልጅ፦ እንግዶቹ ሲመጡ ምን ላቅርብ ታዲያ?

እትዬ፦ እስከዚያ ጠርሙሱን አቁመሽ አስቀምጪው፤ ካጋደምሽው አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ያልቀዘቀዘ ውሃ በትንሽ ማሰሮ፣ ማንኪያ አጠገቡ። በረዶው ለብቻው በሳህን ይሁን። የቤቱ ጌታ በረዶ ካሉ ግን ስጫቸው እንጂ እንዳትከራከሪ፤ ገንዘቡ የሳቸው ነው።