ለላንድቦርድ የሚሆን ካይት አመራረጥ

ካይት ላንድቦርዲንግ አራት የአየር ጎማ ባለው ቦርድ ላይ ቆሞ፣ እግርን በማሰሪያ አጥብቆ፣ ነፋስ በሞላው ትልቅ የጨርቅ ካይት እየተሳቡ በደረቅ መሬት ላይ የሚነዱት ስፖርት ነው። በዴንማርክ የሮሞ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በጀርመን ሳንክት ፒተር ኦርዲንግና በእንግሊዝ ሴንት አንስ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ጠንካራና ሰፊ አሸዋ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በነዚህ አገሮች እየኖሩ ስፖርቱን በሩቁ አይተው የጓጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን ካይት ልግዛ?

ሻጭ ካይቱ ምን ያህል እንደሚጎትት ይነግርዎታል። እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ሲበዛብኝ እንዴት ይቆማል ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተቃኘው በዚህ ጥያቄ ነው። ሰው የሚጎዳው ባነሰ ካይት አይደለም፤ ማቆም ባልቻለው ካይት ነው።

1. የሚነዱበትን ቦታና ነፋሱን ይለኩ

ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ የሚያግደው ነገር ስለሌለ አመጣጡ የተስተካከለ ነው። ከባሕር የራቀ የሣር ሜዳ ግን ዛፍ፣ ቤትና ጉብታ አያጣም። ነፋሱ እነዚህን ሲያልፍ ይቆራረጣል፤ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዴ ድንገት ይገፋል። በዛፎች ጀርባ ካይት ማብረር ግድ ከሆነብዎ ቢያንስ የዛፉን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ይራቁ።

ከካይቱ በፊት በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ ይግዙ። የአየር ትንበያ የሚነግርዎ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ነፋስ ስለሆነ፣ ቆመው ከሚሰማዎት ጋር አይገጥምም። ለመንዳት በሚያስቡበት ቦታና ሰዓት ለጥቂት ሳምንታት እየሄዱ አማካዩንም ድንገት የሚመጣውን ከፍተኛውንም ይመዝግቡ። ይህ ማስታወሻ ከማንኛውም የፋብሪካ ሠንጠረዥ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ይህን ያህል መድከም የሚያስፈልገው የካይት ጉተታ የሚጨምረው በነፋሱ ፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የነበረ ነፋስ 28 ሲገባ ፊትዎ ላይ የተለየ ነገር ላይሰማዎት ይችላል፤ ገመዱ ላይ ያለው ጉተታ ግን እጥፍ ሆኗል። 40 ሲደርስ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነፋሱ በሚቆራረጥበት ሜዳ የካይት ስፋት የሚመረጠው በማስታወሻዎ ላይ ባለው ከፍተኛ ቁጥር እንጂ በአማካዩ አይደለም።

2. ዓይነቱን ይለዩ

አብዛኞቹ የመሬት ካይቶች ፎይል ይባላሉ። ከሁለት ንብርብር ስስ ናይለን የተሰፉና በኪስ በኪስ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ በፊት ጠርዛቸው በኩል የሚገባው ነፋስ ሞልቷቸው የክንፍ ቅርጽ ይይዛሉ። ይህን አሠራር ዶሚና ጃልበርት በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ የዛሬው አራት ማዕዘን ፓራሹትም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለ ሁለት ገመዱ ትንሽ ፎይል እጅን ለማለማመድ ጥሩ ነው። ፍሬን ስለሌለው ግን ለቦርድ አልመክረውም።

ባለ አራት ገመዱ በሁለት የእጅ መያዣዎች ይበራል። የላይኞቹ ሁለት ገመዶች ጉተታውን ይሸከማሉ፤ የታችኞቹ ሁለቱ ፍሬን ናቸው። የመያዣዎቹን ታች ወደ ራስዎ ሲስቡ ካይቱ ፍጥነቱን ያጣል፤ አጥብቀው ሲስቡ ወደ ኋላ እየበረረ መሬት ላይ ይቀመጣል። የፍሬን ገመዶቹ በማሰሪያ ከእጅ አንጓዎ ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ሲፈሩ ሁለቱን መያዣዎች መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ካይቱ በፍሬን ብቻ ተይዞ ኃይሉን ያጣና ይወድቃል። የደነገጠ ሰው እጁን መክፈት አያቅተውም፤ ይህን ዓይነት የምወድለትም ለዚህ ነው። የኤችኪው ቢመርና የፒተር ሊን ሆርኔት ለጀማሪ የተሠሩ የዚህ ዓይነት ካይቶች ናቸው። ጉድለቱ ነፋሱ ሲጨምር በአየር ላይ እያለ ጉተታውን የሚቀንሱበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ የነፋስ መጠን ሌላ ስፋት ያለው ካይት ያስፈልግዎታል።

ሦስተኛው ዲፓወር ነው። የሚበረው በባር ሲሆን፣ ጉተታውን የሚሸከመው ወገብ ላይ የሚታሰረው ሃርነስ ነው። ባሩን ወደ ፊት ሲገፉ ካይቱ ነፋሱን የሚገጥምበት አንግል ይቀንስና ጉተታው ይላላል፤ ወደ ራስዎ ሲስቡት ይጨምራል። አንድ ዲፓወር ሁለት ወይም ሦስት ባለ መያዣ ካይቶች የሚሸፍኑትን የነፋስ መጠን ይሸፍናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ ግድ ነው። አንደኛ፣ ባሩን እስከ መጨረሻው ቢገፉትም ጉተታው ዜሮ አይገባም። ሁለተኛ፣ እጅዎን ከባሩ ቢያነሱም ካይቱ አሁንም ወገብዎ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚያድንዎ የድንገተኛ መልቀቂያው ነው፤ እጅዎ ሳያይ እስኪያገኘው ድረስ መሬት ላይ ቆመው መለማመድ አለብዎት።

ከዲፓወሮች መካከል ኪሶቹ ክፍት የሆኑትን፣ ለምሳሌ እንደ ኦዞን አክሰስ ያሉትን፣ ለመሬት አስቀድማለሁ። ሲወድቁ አየሩ በመጣበት ይወጣና ጨርቁ ይተኛል። ኪሶቹ ዝግ የሆኑት የተሠሩት ውሃ ላይ ወድቀው እንዲነሱ ነው፤ በጠንካራ ነፋስ መሬት ላይ ተወጥረው ስለሚቆዩ ለማስተኛት ያስቸግራሉ። በፓምፕ የሚነፉት የባሕር ካይቶችም መሬት ላይ ይሠራሉ። ነገር ግን የታጨደ አገዳ ቀሪ ወይም እሾህ ባለበት ሜዳ የውስጥ ከረጢታቸው ቶሎ ይበሳል። ባሕር ላይ የሚጋልብ ሰው ያለውን ካይት ጠንካራ አሸዋ ላይ ቢጠቀምበት ይገባኛል፤ ለላንድቦርድ ብሎ አዲስ መግዛቱን ግን አልደግፍም።

የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ ቅርጹን ይመልከቱ። ረዥምና ጠባብ ክንፍ ፈጣን ነው፣ ከመሬትም ያነሳል፤ ግን ነፋሱ ሲቆራረጥ ጫፎቹ ቶሎ ይታጠፋሉ። አጠር ብሎ ሰፋ ያለው ዝግ ያለ ነው፣ ስህተትም ይሸከማል። ለመጀመሪያ ዓመት ሁለተኛውን ይያዙ፤ ሻጩ «በኋላ ያንስዎታል» ቢልም።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ሰፊና ጠንካራ የባሕር ዳርቻ፣ ነፋሱም የተስተካከለ ከሆነ ባለ መያዣ ባለ አራት ገመድ ይግዙ። ነፋሱ በሚቆራረጥበት ሜዳ የሚነዱ ከሆነ ክፍት ኪስ ያለው ዲፓወር፣ ያውም ከአሠልጣኝ ጋር።

3. ስፋቱን ይወስኑ

75 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ጠንካራ አሸዋ ላይ፣ ባለ መያዣ ካይት ይዞ ሲነዳ የምጀምርበት መነሻ ይህን ይመስላል፤ በሰዓት ከ15 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ነፋስ 5 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከ22 እስከ 30 ለሚሆን 3 ወይም 4 ካሬ ሜትር። ከ30 በላይ ጀማሪ ቤቱ ይቆይ። ክብደትዎ ከዚህ ከበለጠ ትንሽ ከፍ፣ ካነሰ ዝቅ ይበሉ። ዲፓወር በካሬ ሜትር የሚያወጣው ጉተታ ስለሚያንስ ስፋቱ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ በመካከለኛ ነፋስ 8 ካሬ ሜትር የተለመደ መነሻ ነው። ሁለት የተለያዩ ዓይነቶችን በቁጥራቸው ብቻ አያወዳድሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆሞ በሚሰማው ጉተታ ሲመርጥ ነው። ቦርዱ ሲንቀሳቀስ ካይቱ የሚያገኘው ነፋስ ይለወጣል። ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሆኖ እርስዎ በዚያው ፍጥነት ወደ ጎን ቢነዱ፣ ካይቱ የሚሰማው ነፋስ 28 ገደማ ይሆናል። ከላይ እንዳየነው ይህ ማለት እጥፍ ጉተታ ነው። ውሃ ላይ የባሕሩ መጎተት ቦርዱን ይይዘዋል፤ ጎማ ጠንካራ አሸዋ ላይ ሲሽከረከር ግን የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። ለመሬት ከባሕሩ ያነሰ ካይት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ቆመው ሲያበሩት «ትንሽ ደከም አለ» የሚሉት ካይትም ቦርዱ ሲሄድ ልክ ሆኖ ያገኙታል።

መሬቱ ይህን ስሌት ይለውጠዋል። ለስላሳ አሸዋና ረዥም ሣር ጎማውን ስለሚይዙ ለመነሳት ብቻ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። መፍትሔው ትልቅ ካይት እንዳይመስልዎት፤ የተሻለ መሬት መፈለግ ነው። ለመነሳት የበቃው ትልቅ ካይት ቦርዱ ጠንካራ ቦታ ላይ ሲወጣ ይበዛብዎታል።

ከፍታም ይቆጠራል። ሠንጠረዦቹ የተዘጋጁት ባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። እንደ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በተመሳሳይ ነፋስ ተመሳሳይ ካይት የሚጎትተውም በዚያው ልክ ያንሳል። ካይት ይዞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሜዳው ላይ ቢደክምበት ካይቱ ተበላሽቶ እንዳልሆነ ይወቅ።

4. ያገለገለ ካይት ከሆነ እጅዎን ጨርቁ ላይ ያድርጉ

ያገለገለ ካይት መግዛት ብልህነት ነው፤ መመርመር እስከቻሉ ድረስ። ጨርቁን አፍዎ ላይ አጥብቀው ይያዙና ይንፉ። ጥሩ ጨርቅ አየር አያሳልፍም፤ ያረጀው በቀላሉ ያሳልፋል። ፀሐይ የበላው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲታሽም እንደ አዲስ አይንኮሻኮሽም። ምርመራውን ከፊት ጠርዙ መሃል ይጀምሩ፤ ፀሐይም አሸዋም የሚያገኘው ይህ ቦታ ነው። ቀጥለው ካይቱን ወደ ብርሃን ይዘው በኪሶቹ መካከል ያሉትን ግድግዳዎች ይዩ። ካይት በአፍንጫው መሬት ሲመታ የታፈነው አየር የሚቀደው የውስጡን ግድግዳ ነው፤ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል።

ገመዶቹን ችላ አይበሉ። አራቱንም አንድ ችንካር ላይ አስረው ሙሉ ርዝመታቸውን ይዘርጉና እኩል ይጎትቱ። የጉተታ ገመዶች ሁልጊዜ ጭነት ስለሚሸከሙ ከጊዜ ጋር ይለጠጣሉ፤ የፍሬን ገመዶች ግን ብዙም አይለጠጡም። ፍሬኑ አጥሮ ሲቀር ካይቱ ሳይነኩት በፍሬን የተያዘ ይሆናል፤ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል፣ ወደ ኋላም ይወድቃል። ብዙ ጊዜ «ይህ ካይት ሰነፍ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው እንዲህ ያለው ነው፤ ማስተካከል የሚችል ሰው ይጠቀምበታል። መሃሉ ላይ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ግን ይተዉት፤ ቋጠሮ ገመዱን ያደክማል። በዲፓወር ላይ የድንገተኛ መልቀቂያውን በጭነት ይሞክሩ፤ ሰው በሃርነሱ ተንጠልጥሎ እያለ በአንድ እጅ ካልተከፈተ ገንዘብዎን አያውጡ።

5. ቦርዱን መኪና ውስጥ ትተው ይሞክሩ

ካይቱን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱበት ቀን ነፋሱ ከ20 በታች ይሁን። ሰው፣ መንገድና የመብራት ሽቦ የሌለበት፣ ከነፋሱ በታች ቢያንስ ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ባዶ የሆነ ቦታ ይፈልጉ። የአካባቢውን ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በእንግሊዝ ካይት ያለ ፈቃድ ከ60 ሜትር በላይ አይበርም፣ አንዳንድ ዳርቻዎችም ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን ይጠይቃሉ።

ካይቱን ከማንሳትዎ በፊት ሄልሜትዎን ያድርጉ። ካነሱት በኋላ በቀጥታ ከራስዎ በላይ ያቁሙትና ወደ ኋላ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ይራመዱ። መራመድ ካቃተዎት ካይቱ ለዚያ ቀን ትልቅ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ጎን ያውርዱት፤ እግርዎ አሸዋው ላይ ከተንሸራተተ አሁንም ትልቅ ነው። ቀጥሎ ሆን ብለው ይልቀቁት። ደጋግመው ይልቀቁት፣ በመካከለኛ ጉተታም ይልቀቁት። ያለ ማመንታት መልቀቅ እስኪችሉ ድረስ ቦርዱን አያውጡ።

ሁለተኛ ካይት የሚገዙበትን ጊዜ ማስታወሻዎ ራሱ ይነግርዎታል። ነፋሱ አንሶ ተቀምጠው የዋሉባቸው ቀናት ከበዙ፣ ካለዎት በአንድ ተኩል እጥፍ የሚሰፋ ይጨምሩ፤ 3 ካለዎት 4.5 ወይም 5 ማለት ነው። ነፋሱ በዝቶ የተመለሱባቸው ከበዙ ደግሞ የሚቀጥለው ካይትዎ ካለዎት ያነሰ ይሁን።